ሁለተኛው ጥሪ

እኛ ፈሪዎች ነን። ስማችን ነው እንጂ ስድብ አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ እኔ በምሠራበት ማተሚያ ቤት የወረቀት መጋዘን ውስጥ፣ ገና ባልተፈታ የወረቀት እስር ላይ ተቀምጠን ስላስፈራን መጽሐፍ እናወራለን። አምስት ነን። ስድስተኛ ሰው ለማስገባት ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለቱም ሁለተኛ አልመጡም። አንደኛው «እናንተ ሰዎች ጤነኛ ናችሁ?» ብሎ ነው የሄደው።

መጽሐፉ አንድ ቅጂ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እያንዳንዳችን የየራሳችን ቀለም ያለው ክር አለን፤ ከጥረዛ ክፍሉ ትርፍራፊ እየቆረጥኩ ያደልኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ሲያነብ ፈርቶ መጽሐፉን ካስቀመጠ፣ ያስቀመጠበት ገጽ ላይ ክሩን ይጥላል። እሁድ መጽሐፉ መሃል ላይ ይቀመጥና በየክሩ ላይ ይከፈታል፤ «እዚህ ጋ ለምን ቆምክ?» ይባላል። መዋሸት ይቻላል፤ ግን ክሩ እዚያው ተጋድሞ እያየህ መዋሸት ያስጠላል።

ቡድኑን ያቋቋመው ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አረንጓዴ ክር። ሲናገር መነጽሩን አውልቆ፣ ሲሰማ መነጽሩን የሚያደርግ ሰው ነው። ሁለተኛው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀይ ክር፤ ሰውነቱ በር የሚሞላ፣ ድመት ስታስነጥስ የሚደነግጥ። ሦስተኛዋ ፋርማሲስት ናት፤ ሰማያዊ፤ ትንሽ ትናገራለች፤ የተናገረችው ግን ቤት ድረስ ይከተላል። አራተኛዋ አክስቴ ናት፤ ነጭ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሁላችንም ፈሪ እሷ ስለሆነች ለአንድ መጽሐፍ ሃያ ክር ትጨርሳለች። ሾፌሩ ሁልጊዜ «እናታችን፣ መጽሐፉን እያነበቡት ነው ወይስ እየሰፉት?» ይላታል። እሷም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቃለች።

አምስተኛዋ እኔ። ጥቁር። ጥቁሩ ክሬ እንደተጠቀለለ ነው ያለው፤ አንድም ቀን ጥዬው አላውቅም። አንድም መጽሐፍ ላይ አልቆምኩም። «የማትፈራዋ» ይሉኛል፤ ሾፌሩ ደግሞ «ሙጫ»፤ በሥራዬም፣ የያዝኩትን ስለማልለቅም። ሁለቱንም እንደ ሹመት ነበር የምወስዳቸው።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ያለውን የተማርኩት ጥረዛ ክፍል ነው፦ እጠፊ፣ ደርድሪ፣ ውጊ፣ ስፊ፣ ሙጫ ቀቢ። በትልቁ ወረቀት ላይ ገጽ አንድ የሚታተመው ከገጽ አሥራ ስድስት ጎን ነው፤ ስለዚህ የብዙ መጽሐፍ ነገር እንዴት እንደሚያልቅ ያወቅሁት እንዴት እንደሚጀምር ሳላውቅ ነው። መምህሩ ይህን ሲሰማ ጊዜ «አየሽ ልጄ፣ አንቺ የተማርሽው ከመጽሐፍ ጀርባ ነው» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ጀርባው ከላላ ፊቱ ይበተናል፣ መምህር» አልኩት። አሁንም ሳቁ፤ ግን የሱ ስድብ እኔ ጋ ቀረ፤ የኔ መልስ እሱ ጋ አልቀረም።

አንድ ሌላ ልማድ አለን። በዓመት አንድ ጊዜ ከመካከላችን የፈለገ ሰው የራሱን ጽሑፍ ያስገባል። ስም አይጻፍበትም። አራቱም ካነበቡትና የተሰማቸውን ከተናገሩ በኋላ ነው ጸሐፊው እጁን የሚያወጣው። እስከዚያ ድረስ ጸሐፊውም እንደ ማንኛውም አንባቢ ተራው ሲደርስ ያወራል፤ ራሱን ይደብቃል። የገዛ ጽሑፉን ሲያሞግስ የተነቃበት ሰው መሳቂያ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ሾፌሩ፣ ገና ማንም አፉን ሳይከፍት፣ «ይሄን የጻፈውን ሰው ዕድሜ ይስጠው!» ብሎ ተያዘ። ሳል ይዞ ስርቆት። ዓመቱን ሙሉ «ዕድሜ ይስጠው» ስንለው ከረምን።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከጨዋታ ወጣ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት «አምስታችሁም የተስማማችሁበትን ጽሑፍ በትንሽ መጽሐፍ መልክ አትምላችኋለሁ፤ ሽፋኑ ላይ የጸሐፊው ስም ይወጣል» አለ። በእጄ ስንት ሺህ ሽፋን እንደለጠፍኩ እግዜር ይወቀው። ሁሉም ላይ የሰው ስም ነበር። ያን ቀን ሙጫ ስቀባ ብሩሹን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ጽሑፍ ግን ከየት ይመጣል? እውነቱን ልናገር፦ ከአክስቴ ነው የወሰድኩት።

እናቴ የሞተችው ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። ታላቅ እህቷ ወሰደችኝ። አክስቴ ያን ጊዜ ባልም ልጅም ነበራት። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው፣ እኔ ዘጠኝ፣ ግቢያችን ውስጥ ባለው የሲሚንቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለነበር ሁሉም ሰው ገንዳ ነበረው፤ የኛው ክዳን ተሰብሮ ነበር። ባልየው ዓመት ሳይሞላ ሄደ። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለዚያ ቀን ተወርቶ አያውቅም። አሥራ አራት ዓመት። ገንዳው ተደፈነ፤ ላዩ ላይ ልብስ ማስጫ ቆመ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አምና፣ አክስቴ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ሳለ፣ ጨርቅ ነክሬ ግንባሯ ላይ ሳደርግላት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ሁለቴ ጠራኝ» አለች። «ይቺን ስፌት ልጨርስ አልኩ።» ሌላ አልጨመረችም። ሲሻላት ያለችውን የምታስታውስ አትመስልም ነበር፤ እኔም አላስታወስኳትም።

ያንን ነው የጻፍኩት። ፊደል ለቃሚው ምሳ በወጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ እየተቀመጥኩ፣ በሦስት ሳምንት፣ አሥራ ስምንት ገጽ። በደንብ ቀያይሬዋለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ልብስ ሰፊዋን ቤቷ ተቀምጣ በጽሕፈት መኪና ለሰው የምትጽፍ ሴት አደረግኋት። ወንዱን ልጅ ሴት አደረግሁት። ገንዳውን ክዳኑ ከውጭ የሚቆለፍ የእንጨት ሳጥን አደረግሁት፤ ልጅቷ ድብብቆሽ ስትጫወት ትገባለች፤ ሁለት ጊዜ ትጣራለች፤ እናትየዋ «ይቺን መስመር ልጨርስ» ትላለች። ልጅቷ ከሞተች በኋላ መኪናው በራሱ መምታት ይጀምራል፤ ሴትየዋ ያንን መስመር ለመጨረስ ዕድሜዋን ሙሉ ትጽፋለች፤ መስመሩ አያልቅም። «ያላለቀ መስመር» አልኩት። በገዛ እጄ ጠረዝኩት። ስፌቱ ላይ ማንም ሰው እንከን አያገኝም።

አክስቴ ብታውቅ ምን እንደማጣ ይገባኝ ነበር። ሰው የለኝም፤ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ግን ሽፋኑ ይታየኝ ነበር፤ ስሜ ሽፋኑ ላይ። አታውቅም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሌላ ጊዜ መጽሐፉ የኛ ቤት ሲደርስ እኔ ነኝ ጮክ ብዬ የማነብላት፤ እሷ ስትሰፋ እኔ በየሰዉ ድምፅ እያስመሰልኩ። «የመጽሐፍ ፍርሃት ደግነቱ ማለቁ ነው» ትላለች። ይሄኛው ሲደርስ ግን «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኳት። «ግድ የለም፣ አምጪው» አለችና መነጽሯን ፈለገች። ሐሙስ ከሰዓት ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ አንብባ ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

«እንዴት ነው?» አልኳት ጫማዬን እያወለቅሁ፣ ፊቴን ሳላዞር።

«ጥሩ ነው። ፊደሉ ደቃቃ ነው እንጂ።»

ይኸው ነው። እኔም ተመስገን ብዬ ዳቦ ቆረጥኩ።

እሁድ ደረሰ። መምህሩ ጥራዙን ከፍ አድርጎ አሳየን። «የዘንድሮው። አሥራ ስምንት ገጽ፣ አሥራ አንድ ክር። በገጽ ስናካፍለው ከዚህ በፊት ያልታየ ነው።»

«አምስቱ የኔ ናቸው፤ አላፍርም» አለ ሾፌሩ። «ሳጥኑ ጋ ስደርስ ተነስቼ መብራት አበራሁ። ቀን እኮ ነው! በጠራራ ፀሐይ! ሚስቴ ‹ምን ሆነህ ነው?› ስትለኝ ‹አምፖሉ ተቃጥሎ እንደሆን ልይ ብዬ ነው› አልኳት። ‹አምፖሉስ ደህና ነው፤ የተቃጠልክ አንተ ነህ› አለችኝ።»

ስንስቅ ፋርማሲስቷ አልሳቀችም። ጥራዙን ተቀብላ ሰማያዊዎቹ ክሮች የተከመሩበትን ገጽ ገለጠች።

«እኔ ሦስቱንም አንድ ቦታ ላይ ነው የጣልኩት። ስሙ። ‹ሁለተኛው ጥሪ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ነበር። እናትየዋ ልጅቷ የተወችው መሰላት።›» ቀና አለች። «ሦስት ጊዜ ቆምኩ፤ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። እኔ ጋ ልጅ ታቅፈው እየሮጡ የሚመጡ እናቶች ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ‹አሁን ደህና ነበር›። ይሄን የጻፈ ሰው ያንን ‹አሁን› ያውቀዋል።»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «እኔ የምለው አጭር ነው። ይሄ የተማረ እጅ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አይንዛዛም፤ አይለምንም። በአርባ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ይሄን የመሰለ ከተማሪ እጅ አላገኘሁም።» ይህን ሲል ፋርማሲስቷን በጎን እያየ ነበር።

የተማረ እጅ! እጄን ጭኔ ሥር ወተፍኩት፤ በራሱ የሚወጣ መሰለኝ።

«የማትፈራዋስ?» አለኝ መምህሩ። «ያው ክር የለሽም።»

ተራዬ ነው። መደበቅ አለብኝ። ካሞገስኩ ተያዝኩ፤ ካቃለልኩ ማንም አይጠረጥረኝም፤ ይህን ካለፍኩ እጄን አውጥቼ ሁሉንም አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። ቃሉ እንደ ልማዱ ሳልጠራው መጣ።

«እኔ እናትየዋ አላሳዘነችኝም» አልኩ። «ሰምታለች እኮ። ሁለቴ ተጠርታለች። ጆሮዋ ደህና ነው፤ የሰነፈው መቀመጫዋ ነው።»

ሾፌሩ ፈነዳ። ያ ሳቅ አነሳሳኝ።

«ጸሐፊው አዝኖላታል፤ የጽሑፉ ድክመት እሱ ነው። መኪና በራሱ ቢመታ ምን ቅጣት ነው? ሥራ አገዛት እንጂ! ሳጥኑ ውስጥ መግባት የነበረባት እሷ ናት።»

«ወይ ሙጫ!» አለ ሾፌሩ ዓይኑን እየጠረገ። «አንቺን ዳኛ ያደረገ ሰው ወዮለት!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔው ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም። መርጬ የተናገርኩት ነው።

አክስቴ ቀጥላ ነበረች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«እናታችን፣ ዛሬ ነጭ ክር አላየንም!» አላት ሾፌሩ። «ጀገኑ ወይስ ክሩ አለቀ?»

«አልቆምኩም» አለች። «ሳልቆም ነው የጨረስኩት።» የቦርሳዋን ማንጠልጠያ አስተካከለች። «ለጻፈው ሰው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለተኛው ጥሪ ዝቅ ያለ እንደነበር በምን አወቀ?»

«እ...እ» አለ መምህሩ ጣቱን እያወዛወዘ። «ደንብ አለ። ጸሐፊው ገና አልታወቀም፤ አይጠየቅም።»

«እሺ። ደንብ ከሆነ።» ወደኔ አላየችም። «ሌላው የምለው፣ መጨረሻው ስህተት ነው። መኪናው አይቀጥልም። ሴትየዋ ጨርሳዋለች። የጻፈው ሰው እሱን አላወቀም። ጨረሰችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ከዚያ ነው የተነሳችው።»

«ክር?» አለ ሾፌሩ። «የጽሕፈት መኪና ክር አለው እንዴ?»

ፋርማሲስቷ አክስቴን አየቻት፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ጣለች። መምህሩ ግን ደንቡን ነው የሚያስበው።

«አስተያየት አልቋል። በኔ በኩል ይታተም።» ወደ ፋርማሲስቷ ዞረ። «አንቺስ? ይታተም። ሾፌር? ጥሩ። የሁለታችሁን ኋላ እሰማለሁ፤ እንግዲህ ጸሐፊው እጁን ያውጣ።»

እጄ ጭኔ ሥር ነው። ባወጣው የመምህሩ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ለዚያ ፊት ነበር ሦስት ሳምንት ምሳ ያልበላሁት። ግን ባወጣው፣ ክር የበጠሰችው ሴት ማን እንደሆነች፣ ስለሷ «ሳጥኑ ውስጥ ትግባ» ያልኩት እኔ ማን እንደሆንኩ ሁሉም ያውቃል። ባላወጣው ደግሞ አክስቴ እንዳወቀች አውቃለሁ፤ ፈሪ ሆኜ ታየኛለች።

«ለሁለተኛ ጊዜ» አለ መምህሩ። «ያፈረ ሰው አለ መሰለኝ።»

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ።

መምህሩ መነጽሩን አደረገ፤ አወለቀ፤ እንደገና አደረገ።

«እርስዎ?»

«እኔ። ጽሑፉ የኔ ነው። እንዲታተም ግን አልፈልግም። ጸሐፊ ካልፈለገ አይታተምም አይደል?»

«አይ፣ መብት ነው... ግን እኔ ፈጽሞ... የት ተምረው...»

«ኧረ እኚህን ሴትዮ እዩልኝ!» ሾፌሩ ጉልበቱን መታ። «‹በምን አወቀ› ብለው የጠየቁት ራሳቸውን ነው! እኔን ዓመት ሙሉ ሲስቁብኝ ከርመው!» ከዚያ ድንገት ወደኔ ዞረ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ግማሽ ቀርቷል። «አንቺ ሙጫ፣ የገዛ አክስትሽን እኮ ነው የሰደብሽው። ሰነፍ መቀመጫ ብለሽ... ኧረ ተይ...»

ፋርማሲስቷ ተነስታ አክስቴ አጠገብ ተቀመጠች። የአክስቴን እጅ ያዘች፤ ጣቷን አንድ በአንድ እያየች፣ መርፌ የወጋጋውን ጫፍ ጫፉን። አክስቴ ጥራዙን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ክሮቹን አላወጣቻቸውም፤ ቀይና ሰማያዊ ከቦርሳው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጽሑፌ ሲወሰድ ተቀምጬ አየሁ። ልክደው የማልችለው ነገር አለ፤ እዚያች ደቂቃ ላይ፣ ከሁሉ በፊት የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። «የኔ እኮ ነው» የሚል ንዴት ነበር።

መንገዱን ከፊቴ ሄደች። የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ትልቁ መንገድ ጋ ስንደርስ መኪና ሲበዛ፣ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የእጄን አንጓ ያዘችኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያሻግረኝ አያያዝ ነው። ተሻገርን። እዚያው ለቀቀችኝ።

ቤት ገብታ ቦርሳዋን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ ፀሐይ የተቆራረጠ ጨርቅ ክምሩ ላይ ነበረች።

«ለምን የኔ ነው አልሽ?» አልኳት። «እኔ እንደጻፍኩት ታውቂያለሽ።»

«ጻፍሽው። የኔ ነው።»

«አክስቴ...»

«እንዲያ ያሰብሽው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑን?»

«ሳጥን ውስጥ መግባት የነበረባት እሷ ናት ያልሽውን።»

«ለመደበቅ ነው እኮ! ደንቡን ታውቂያለሽ፣ ካሞገስኩ ይነቃብኛል...»

«ለመደበቅ ስንት ነገር ይባላል። ረዝሟል ይባላል። ፊደሉ ደቃቃ ነው ይባላል፤ እኔ እንደዚያ ብዬ አይደል የተደበቅሁብሽ? አንቺ ያንን መረጥሽ። ሲወጣም አላደናቀፈሽም።» አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት መመለስ እችላለሁ። «አሥራ አራት ዓመት ከአንድ ትሪ ስንበላ እንዲያ እያሰብሽ ነበር የምትበዪው?»

«ስለ አንቺ አላሰብኩም!»

«ታዲያ ስለ ማን?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ያዝኩ።

«እሺ፣ ያንን ተዪው። ጥያቄዬን መልሺልኝ። እዚህ ቤት ደንብ የለም። ሁለተኛው ዝቅ ያለ እንደነበር በምን አወቅሽ?»

«ነግረሽኛል። አምና፣ አሞሽ ሳለ...»

«ሁለቴ ጠራኝ ነው ያልኩሽ። ያልኩትን አውቀዋለሁ፤ ትኩሳት እንጂ እብደት አልነበረብኝም። ዝቅ አለ አላልኩም። ለአባቱ አልነገርኩም። ለማንም አልነገርኩም።»

ከላይ ስተርክ አንድ ነገር ዘልያለሁ። ጽሑፉን ከአክስቴ ወሰድኩት ብያለሁ። ከፊሉን ነው ከሷ የወሰድኩት።

ያን ቀን እኔም ቤት ነበርኩ። በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል፣ መስኮቷ ወደ ገንዳው በሚያሳየው፣ አልጋ ላይ በሆዴ ተኝቼ። የጎረቤት ልጅ ያዋሰችኝ የሙታን መንፈስ ተረት ይዣለሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው የሚያስፈራ መጽሐፍ ነበር። ሦስት ገጽ ቀርቶኛል። ሰምቼዋለሁ። ሁለቱንም። የመጀመሪያውን ጊዜ አክስቴ ትነሳለች ብዬ አሰብኩ፤ እሷ ደግሞ ስፌቷን ልትጨርስ ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ፣ ሦስቱ ገጾች ከማለቃቸው በፊት ብነሳ ፍርሃቱ የሚበላሽብኝ መሰለኝ። አልቆምኩም። ጨረስኩት። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንድም መጽሐፍ ላይ ያልቆምኩት ጀግና ስለሆንኩ መስሏቸዋል።

ለአክስቴ እንዲህ አሳምሬ አልነገርኳትም። «እኔም ሰምቻለሁ» ነው ያልኳት። «ጓዳ ነበርኩ። መጽሐፍ ይዤ ነበር።» በሩን ተደግፌ፣ ወለሉን እያየሁ። ስጨርስ መኪናው ላይ ካለው ቦርሳ ላይ እጇን አላነሳችም።

የምትለኝን ሁሉ በልቤ ደረደርኩ፦ ውጪልኝ፣ አንቺ ነሽ፣ እናትሽ እንኳን ሞተች። ለሁሉም አንገቴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«ምን አለ?»

«መቼ?»

«ሁለተኛውን። የስፌት መኪናው ይጮህ ነበር። ድምፁን ነው የሰማሁት፤ ቃሉን አልሰማሁም። እማዬ እንዳለኝ ነው እስከዛሬ የያዝኩት።»

ጽሑፌ ውስጥ ልጅቷ ሁለቴም የጠራችው እናቷን ነው። ሳላስበው የሆነ ስህተት አይደለም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙ ነገር ቀያይሬያለሁ፤ ልጁን፣ ገንዳውን፣ መኪናውን። እዚህ ጋ ስደርስ ግን ለረጅም ጊዜ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር፤ ከዚያ ሁለተኛውንም ለሷ ሰጠኋት።

«እትዬ ነው ያለው» አልኩ።

በዚያ ቤት እትዬ የምባለው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ ናት ያስተማረችው፤ «ስሟን አትጥራ፣ ታላቅህ ናት» እያለች።

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን እንደ ጨርቅ እያገላበጠች፣ ላዩንና ውስጡን እየለየች ነው ያየችኝ።

«ይሄ እውነት ነው ወይስ ጽሑፍ?»

«እውነት ነው።»

«ልታጽናኚኝ ብለሽ እንዳይሆን። ታውቂበታለሽ። ዛሬ አይቼሻለሁ።»

«እውነት ነው አክስቴ።»

«እንግዲያው እንዳለው በይልኝ።»

እኔ በየመጽሐፉ ሙታኑንም፣ ጅቡንም፣ ባለጌውንም፣ ሕፃኑንም በድምፃቸው ያነበብኩላት ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ የወጣው መጽሐፍ ሳነብላት የማስመስልበት ድምፅ ነበር፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አይደለም። በሩን ለቅቄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ትራሱ፣ መስኮቱ፣ አውራ ጣቴ የያዘው ገጽ። ከዚያ አልኩት፤ ዝቅ አድርጌ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ሳብ፣ የመጨረሻውን ቆረጥ።

አክስቴ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

«እሱ ነው» አለች።

ተነስታ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ትመታኛለች ብዬም ጠበቅሁ። ወንበሯን ከመኪናው ወደኔ አዞረችና ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፤ ልብስ ለመለካት የመጣ ሰው ፊት እንደምትሆነው።

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩት።